እናቷ እታለም ትባላለች

ያምሮት ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ አንድ ቦታ ረግታ ተቀምጣ አታውቅም። ምሳ ሲቀርብ ትቀመጥና ሁለት ጉርሻ ሳትጎርስ ተነሥታ በር ላይ ትቆማለች። ከበቆሎው ማሳ ማዶ ባጃጅ ሲያጓራ ከሰማች እጇን እንኳ ሳትታጠብ ልጇን ፍለጋ ትወጣለች። እናቷ እታለም፣ «ምን ያቅበዘብዝሻል ልጄ፣ አገርሽ ገብተሽ የለም ወይ?» ትላታለች። አገሯማ ገብታለች። ያልገባችው ልጇ ሜላት ናት።

እንዴት አልገባችም ይባላል፣ ልጅቱ ይኸው ግቢ ውስጥ ዶሮ ታባርር የለም ወይ? ትላላችሁ ይሆናል። ዶሮ ለማባረርማ ማን ወረቀት ይጠይቃል። ሜላት ስድስት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው ጅዳ ነው። አባቷ ሱዳናዊ ሾፌር ነበር፤ እሷ ሳትወለድ ፖሊስ ይዞ ወደ አገሩ ሰደደው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁም አልተሰማ። ያምሮት መኖሪያ ፈቃድ የሌላት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ፖሊስ የሕንጻውን ደረጃ በወጣ ቁጥር ልጅቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ታስገባና «ኡስኩት» ትላታለች፤ በዐረቦቹ አፍ ዝም በይ ማለት ነው። ልጅቱ ከ«ማማ» ቀጥሎ የተማረችው ቃል እሱ ነው። በኋላ ሁለቱም ተይዘው ከተመላሾች ጋር ቦሌ ሲወርዱ፣ ያምሮት አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ቆማ፣ ይቺ ልጅ ሁለተኛ ያለ ወረቀት አትኖርም ብላ ማለች። ይኸው ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ ልጅቱ አሁንም ያለ ወረቀት ነው ያለችው።

ቡሬ ያለው ትምህርት ቤት «የልደት ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ ከመስከረም በፊት ካልመጣችሁ ቦታ የለም» አለ። የልደት ካርድ የሚሰጠው የወሳኝ ኩነት ቢሮ ደግሞ የእናትየዋን ማንነት ይጠይቃል። ያምሮት እጅ ላይ ያለው ጅዳ ያለው ቆንስላ የሰጣት የመመለሻ ወረቀት ብቻ ነው። እሱም «ራህማ ከልጇ ከሜላት ጋር» ይላል እንጂ ስለ ያምሮት አንድ ቃል አይተነፍስም።

ራህማ ያው ራሷ ናት። የዛሬ ዐሥር ዓመት ደላላው «በክርስቲያን ስም ቪዛው ቶሎ አይወጣም» ብሎ ራህማ አሰኝቶ ፓስፖርት አወጣላት። እንዲያ ሆና የሄደች የጎጃም ልጅ አንድና ሁለት አይደለችም፤ ማንም አይፈርድባትም። የያምሮት አባት ግን መሪጌታ ዳኘው ናቸው። ቅኔ ያስተማሯቸው ደብተራዎች ከሊበን እስከ ጢስ ዓባይ ተበትነዋል፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። የኔታ ያን ስም አንድ ቀን ሰምተው ዘወር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ እቤታቸው ውስጥ ራህማ የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ልጃቸውን ግን አልገፏትም። ከነልጇ ስትመጣ በር ድረስ ወጥተው ተቀብለዋታል፤ ልጅቱንም ቤተ ክርስቲያን ወስደው ክርስትና አስነሥተዋታል። ያን ስም ብቻ እንዳልተሰማ አድርገው ተዉት።

እንዲህ ነገሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር ገነነ መጣ። ገነነ የየኔታ የእኅታቸው ልጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ሲረዝምበት ግን ያመዋል፤ አቋራጭ መንገድ ባለበት አገር ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው ሞኝ ይመስለዋል።

«የኔታ፣ ለምን ነገሩን ያከብዱታል?» አለ። «በእናንተ ስም ትመዝገብ። ርስዎ አባት፣ እታለም እናት፣ እዚሁ ተወለደች፤ አለቀ። የገጠር ልጅ ዘግይቶ መመዝገቡ እንደሁ አዲስ አይደለ። እኔ እመሰክራለሁ፤ ያምሮትም ታላቅ እኅት ሆና ትመሰክራለች። ካርዱ በዕለቱ ይወጣል።»

እታለም ባሏን አየች። ያምሮት መሬቱን አየች። በሐሰት መመስከር ለሌላው ሰው ነውር ነው፤ ለየኔታ ደግሞ ዐሥርቱ ትእዛዛትን ሲያስተምሩበት የኖሩት አፍ ነውና ከነውርም ያልፋል። ገነነ መልስ ሲያጣ ጠላውን ጨርሶ ሄደ።

እንግዲህ የኔታን የማያውቅ ሰው ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። የቅኔ ሰው ግን በር ሲዘጋበት ግድግዳውን መዳበስ ይጀምራል። የኔታም ሰሞኑን ሲሄዱ ብቻቸውን እያጉተመተሙ፣ ሲበሉ እንጀራው እጃቸው ላይ እየደረቀ ሰነበቱና፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊታቸው በርቶ ገቡ።

«እታለም፣ እኛ አገር ልጅ ታላቅ እኅቱን ምን ብሎ ይጠራል?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን ይላል፣ እትዬ ይላል። እታባም ይላል» አለች ሚስታቸው።

«ሌላስ?»

«እታለምም ይላል። እኔስ ስሜ ከዚያው አይደል የወጣ፣ ታናናሾቼ ሲጠሩኝ ጊዜ ቀርቶብኝ።»

«ይኸው ነው» አሉ የኔታ። «ሜላት ያምሮትን ‘እታለም’ እያለች ትጥራት። ከዚያ እኔ መዝጋቢዋ ፊት ቀርቤ ‘እናቷ እታለም ትባላለች’ ብል ዋሸሁ ወይ? አልዋሸሁም። ልጅቱ እናቷን የምትጠራት በዚያው አይደለም? ሰሙ አንቺ ነሽ፤ ወርቁ ያምሮት ናት። ‘ልጄ ናት’ ብልም የልጅ ልጅ ልጅ ነው። አንዲት የሐሰት ቃል ካፌ አትወጣም።»

በሰምና ወርቅ ልጅ ለማስመዝገብ መነሣት! ይህ ከጎጃም በቀር የት ይታሰባል። ሰሙ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ውስጡን የተደበቀው፤ ቅኔ ቤት ከሆነ ጥሩ ተማሪ እጁን ያጨበጭባል። የወሳኝ ኩነት ቢሮ ግን የሚጽፈው ሰሙን ብቻ ነው። ይህን የኔታ አላሰቡትም፤ ወይ አስበውት ዘለሉት።

ያምሮት እሺ አለች። ከልቧ ነው እሺ ያለችው፤ ይህንም መደበቅ አያስፈልግም። ካርዱ ይውጣ እንጂ እኅትም ይበሉኝ፣ አክስትም ይበሉኝ፣ ልጄ ትግባልኝ አለች። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደተባለው ነው፤ ያን ጊዜ የታያት ሳሩ ብቻ ነበር።

ትምህርቱ በማግስቱ ተጀመረ። የኔታ አጥር ጥግ ካለችው የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ልጅቱን ፊት ለፊታቸው አቆሙ፤ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ፣ ልክ ፊደል እንደሚያስቆጥሩ፣ ያስብሏት ጀመር።

«ይቺ ማናት? በይ፣ እታለም።»

«እታለም።»

«ድገሚ።»

«እታለም።»

ሜላት ማማ ብላ የኖረች ልጅ ናት፤ በመጀመሪያው ቀን ትስታለች፣ ትስቃለች፣ ወደ እናቷ ታያለች። በሁለተኛው ቀን መሳቋን ተወች። በሦስተኛው ቀን እሳቸው ሳይጠይቋት መመለስ ጀመረች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ የኔታ ጎበዝ ተማሪ ሲያገኙ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይረሳሉ።

«ይቺ ማናት?» አሉ በመቋሚያቸው ወደ ያምሮት እየጠቆሙ።

«እታለም።»

«ማማስ?»

«ማማ የለችም» አለች ልጅቱ፣ ትክክል መለስሁ ብላ ደስ እያላት።

ያምሮት በርበሬ ታሰጣ ነበር። ሰፌዱን ወደ ፀሐዩ ገፋ አደረገችው፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ጥላው መለሰችው። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለምን እንደገባች ጠፍቷት ተመልሳ ወጣች። አባቷ «ጎሽ» ሲሉ ሰማች። ራሷ ተስማምታበት ማንን ትቆጣ።

የዚያኑ ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜላት ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ላጠችው። «እታለም!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ሴቶች እኩል ተነሡ። አንዷ ስሟ ነው፤ አንዷ ደግሞ እንዲያ እንድትባል የተፈረደባት። አያትየዋ ቅርብ ነበረችና ልጅቱ እሷው ጉያ ገባች፤ እዚያው ለቅሶዋን ጨረሰች። ያምሮት ግቢው መካከል እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች።

ኋላ ልጅቱ ሄዳ ከዶሮዎቹ ጋር ስትሆን፣ «እማ» አለች ያምሮት እናቷን፣ «ክርስትና ስናስነሣት ቄሱ እናቷ ማናት ቢሉ እኔ አይደለሁ ያቀፍኋት? እቤተ ክርስቲያን እናት፣ እቀበሌ እኅት፤ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

«ወረቀት ነው እኮ ልጄ። ሆድሽን ወረቀት አይለውጠው።»

«ነገ ይዣት ልሂድ ብልስ? ማን ነሽ ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«የት ልትሄጂ?» አለች እታለም ደንግጣ።

ያምሮት የትም ልትሄድ አላሰበችም፤ እግሯ ብቻ ነው አልቆም ያላት። እታለምም ፊቷን አዙራ ምድጃውን ትቆሰቁስ ጀመር። እሷም ብትሆን አልተኛችበትም፤ በዚህ ዕድሜዬ ወለድሁ ብዬ ሰው ፊት ልቆም ነው እያለች ስትጨነቅ ነው የሰነበተችው። ግን ባሏ ቅኔውን አግኝተዋል፤ ማን ያስቆማቸዋል።

በዝናቡ ተዘግቶ የሰነበተው የቡሬ መንገድ ተከፈተ ሲባል፣ ነገ ይዘጋ ይሆናል ብለው በማለዳ ተነሡ። የኔታ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ዣንጥላቸውን ያዙ፤ እታለም የዓመት በዓል ቀሚሷን ለበሰች፤ ገነነ ባጃጅ ይዞ መጣ። ጭቃው ለጉድ ነው። ባጃጁ ሁለት ቦታ ሰጥሞ ወርደው ገፉ። ያምሮት ከሁሉ ይልቅ ትገፋለች፤ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ባለቀ ብላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያን ለት ማንም አላነሣውም።

የቡሬው ቢሮ መዝጋቢ ሰርካለም የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ የአዴት ልጅ። የኔታን ስታይ ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሣች፤ አስቀመጠቻቸው፤ ወረቀቷን አወጣች።

«የልጅቱ ስም?»

«ሜላት» አሉ የኔታ።

«አባት?»

«ልጄ ናት። ዳኘው ነው የምባለው።»

«እናት?»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናቷ እታለም ትባላለች» አሉ፤ በዜማ ሊሉት ትንሽ ነው የቀራቸው።

ሰርካለም ቀና ብላ እታለምን አየቻት። ሽበቷ ከሻሿ ሥር ወጥቷል። «ይቅርታ እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

እታለም ባሏን አየች። የኔታም፣ «ኤልሳቤጥ እኮ ዮሐንስን የወለደችው በእርጅናዋ ነው» አሉ። እውነት ነው፤ ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ ነው የወለደችው። ስለ እታለም አንድ ቃል አልወጣቸውም።

«የተወለደችበት ቦታስ?»

«ዘሯ ከኛው ማሳ የበቀለ ነው።»

«እዚሁ ማለት ነው?»

«እዚሁ ነው፣ እዚሁ፤ ጻፊው» አለ ገነነ። እሱ ቅኔ አልተማረም፤ ሲዋሽ በግልጽ ነው።

ሰርካለም ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ያምሮት አዙራ እስክሪብቶ ሰጠቻት። «አንቺ ታላቅ እኅቷ ነሽ አሉ። ምስክር ስለሆንሽ እዚህ ታች ትፈርሚያለሽ።»

ያምሮት እስክሪብቶውን ተቀበለች። «አንብቢልኝ» አለች።

«ስም፣ ሜላት። የአባት ስም፣ ዳኘው። የእናት ስም፣ እታለም። የትውልድ ቦታ፣ ቡሬ ወረዳ።»

«እኔስ የቱ ላይ ነኝ?»

«አንቺማ ምስክሮቹ ጋ ነሽ። ከታች።»

ከታች። ያምሮት ባዶዋን መስመር አየቻት። ጅዳ ላይ ፖሊስ በመጣ ቁጥር ልጅቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ስትከታት ኖራለች፤ ዛሬ ተራው የሷ ሆኖ፣ እናትና አባቷ በሩን ከፍተው ግቢ እያሏት ነው። የዛሬው ቁም ሣጥን ደግሞ ፖሊሱ ሲሄድ የሚከፈት አይደለም። ልጇን ቀና ብላ ፈለገቻት። ሜላት አያቷ ጉልበት ላይ ተደግፋ፣ የተላጠ ጉልበቷን እየነካካች፣ ተጠይቃ እንዳትሳሳት ትምህርቷን በከንፈሯ ታነበንባለች።

«አልፈርምም» አለች ያምሮት።

«ያምሮት፣ ተይ» አለ ገነነ ቀስ ብሎ።

«አልተውም። እኔ ነኝ የወለድኋት። ቡሬም አይደለም የወለድኋት፤ ጅዳ ነው፣ ባንዲት ያገሬ ሴት እጅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ፎጣ ነክሼ ነው የወለድኋት። እኅቷ አይደለሁም። ስሜ ያምሮት ነው። እዚያ ደግሞ ራህማ ነበርሁ፤ ወረቀቴም ራህማ ነው የሚለው።» የመመለሻ ወረቀቷን ከጡቷ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

እታለም ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እሰይ» አለች ለራሷ፤ «በዚህ ዕድሜዬ አራስ ሊያደርጉኝ ነበር።»

ሰርካለም የቆንስላውን ወረቀት አነበበች። የጻፈችውን ደግሞ አነበበች። ከዚያ የጻፈችውን ለሁለት ቀደደችና ገነነን አየችው። «በሐሰት ማስመዝገብ እንደሚያስጠይቅ ሊቀመንበር ሆኖ የማያውቅ የለም መቼም» አለችው። ገነነ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ይመረምር ገባ።

የኔታ ዣንጥላቸውን ካንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ» አሉ፣ «እኔ ከተናገርሁት ውስጥ አንድ የሐሰት ቃል...»

«የለም፤ አውቃለሁ የኔታ» አለች ሰርካለም። ድምፅዋ ላይ ንቀት አልነበረም። «አባቴም አዴት ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ቁልፉ የት ነው ብለው ሲጠይቋቸው እንኳ በሰምና ወርቅ ነው የሚመልሱት፤ እናቴ ስንት ቀን ደጅ ቆማለች። እኔ እዚህ የምጽፍበት ቦታ ግን ለአንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ በአንድ ትርጉም ይንገሩኝ። ይቺ ወረቀቱ ላይ ያለችው ራህማ ማናት?»

ይህን ጥያቄ ነው እንግዲህ የኔታ ዐሥር ዓመት ሲሸሹት የኖሩት። ብቻቸውን ቢሆኑ ይቀል ነበር። ደጅ ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች ወረፋ ይዘዋል፤ ካንዱ አፍ የወጣ ነገር ደግሞ ቀትር ሳይሆን ገበያ ይደርሳል። የመሪጌታው ልጅ ራህማ ተብላ፣ ከሱዳናዊ ወልዳ ሊባል ነው። ያምሮት አባቷን ታያለች። ካገሯ ከገባች ጀምሮ ያልቆመው እግሯ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካርዱንም ረሳችው፤ ትምህርት ቤቱንም ረሳችው። አባቷ እንደገና ዘወር ካሉባት እሷም ልጇም የማንም እንዳይደሉ ነው የታወቃት።

የኔታ ዣንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተነሡ። ሲመሰክሩ ቁጭ ብለው አይሆንላቸውም።

«ራህማ ልጄ ናት» አሉ። «ያምሮት ብዬ ስም ያወጣሁላት ልጄ ራህማ ተብላ ተሰዳ ነበር። ይቺ ልጇ ናት። ዐረብ አገር ነው የወለደቻት። እኔ አያቷ ነኝ።»

ሰርካለም እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። «ሌላ ትርጉም አለው?»

«የለውም» አሉ የኔታ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ተቀመጡ፤ እታለም በነጠላዋ ጫፍ ግንባራቸውን ጠረገችላቸው።

ያምሮት አለቀሰች። ማልቀስ አላሰበችም፤ እንዲሁ መጣባት። ሰርካለም አይታ እንዳላየች አዲስ ወረቀት አወጣችና መናገር ቀጠለች፤ «ሕጉ እናቷ ኢትዮጵያዊት ከሆነች የትም ትወለድ ልጅቱ የኛው ናት ነው የሚለው። እናንተ ልትሰርቁ የመጣችሁት የገዛ ንብረታችሁን ነው። የቀረው ራህማና ያምሮት አንድ ሰው መሆናቸውን ማስመስከር ነው፤ እሱ ደግሞ ፍኖተ ሰላም፣ ዞኑ ዘንድ ነው የሚታየው። መመላለስ ይኖረዋል፤ ቶሎ ያልቃል ብዬ አልዋሻችሁም። ለትምህርት ቤቱ ጉዳይዋ ተይዟል ብዬ እጽፍላችኋለሁ፤ እስከዚያ ይቀበሏታል። የኔታ፣ እዚያም እንዳሁኑ ይንገሯቸው። እንዳሁኑ ብቻ።»

የኔታ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሳምንቱ መንገዱ አልተዘጋም። እታለም ቤት ለመጠበቅ ቀረች፤ ሦስቱ ቡሬ መናኸሪያ ሄደው የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ያዙ። ሜላት መካከላቸው ተቀመጠች። ማንኩሳን አልፈው ሲሄዱ ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፤ ዝናቡም ቆም ብሏል። ልጅቱ መስኮቱን ስታይ ቆይታ ወደ እናቷ ዞረች።

«እታለም፣ ውሃ ስጪኝ።»

ያምሮት እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች። ቃሉን ሳታርም መታዘዝ ለምዳለች። የኔታ ግን መቋሚያቸውን በሚኒባሱ ወለል ላይ መታ አደረጉ።

«እታለም አያትሽ ናት» አሉ። «ይቺ እናትሽ ናት። በይ፣ እማዬ።»

ሜላት ግራ ገባት። የተማሩትን ሲነጥቁት ጎበዝ ተማሪ ደስ አይለውም። «አንቱ አይደሉ እታለም በይ ያሉኝ?» አለች።

«ነኝ። ተሳስቼ ነው ያስተማርሁሽ።»

ስንቱን ተማሪ ሲያርሙ የኖሩት የኔታ ይህን ቃል ላንድም ተማሪ ብለው አያውቁም። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ወሬያቸውን ገታ አደረጉ።

«በይ፣ እማዬ።»

«እማዬ።»

«ድገሚ።»

«እማዬ።»

«ይቺ ማናት?»

«እማዬ።»

ወይራው ሥር እንዳደረጉት እየደጋገሙ አስባሏት። አንዲት ሴትዮ «የኔታ፣ መኪና ውስጥም ጉባኤ ዘረጉ?» ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ልጅቱ ሳትስት፣ ሳታመነታ እስክትመልስ ድረስ አላቆሙም። የፍኖተ ሰላም ቤቶች ብቅ ብቅ ሲሉ ሜላት ስታስብ ነበር። ኋላ የአያቷን ካባ ሳብ አደረገች።

«አባባ፣ ነገስ ማን ልበላት?»

የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው በካባቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገውም ቶሎ አላደረጉትም።

«ነገም እማዬ ናት» አሉ። «ሁልጊዜም።»

ሜላት እሺ ብላ ውሃዋን ተቀበለች። ጠጥታ ጠርሙሱን ለእናቷ መለሰችላት። ያምሮት ክዳኑን ገጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ገና ብዙ ደጅ የሚጠናበት ከተማ ፊቷ እያለ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብላ ተደላድላ ተቀመጠች።